የአባቶች ቀንን በግራስ ቫሊ የብሉግራስ ፌስቲቫል በድንኳን ለማሳለፍ የሚረዳ የአሠራር መመሪያ

በሰሜን ካሊፎርኒያ፣ በሴራ ኔቫዳ ተራሮች ግርጌ፣ ግራስ ቫሊ የምትባል የቀድሞ የወርቅ ማዕድን ከተማ አለች። የካሊፎርኒያ ብሉግራስ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በዚህች ከተማ የአባቶች ቀን የብሉግራስ (በባንጆ፣ በማንዶሊንና በመሳሰሉት የሚጫወት የአሜሪካ ባህላዊ ሙዚቃ) ፌስቲቫል ሲያዘጋጅ ቆይቷል። ዋናው ዝግጅት በአብዛኛው ሐሙስ ተጀምሮ እሑድ የሚጠናቀቅ ሲሆን፣ እሑዱም በአሜሪካ የአባቶች ቀን የሚከበርበት የጁን ወር ሦስተኛ እሑድ ነው። ታዳሚው ከመድረኩ ብዙም ሳይርቅ፣ በኔቫዳ ካውንቲ የትርዒት ሜዳ ውስጥ በረጃጅም ጥዶች ሥር ድንኳን ተክሎ ያድራል።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በሳክራሜንቶ፣ በኦክላንድ፣ በሳን ሆዜ ወይም በአካባቢው ለሚኖሩና ዕድሜያቸው የገፋ አባታቸውን፣ ምናልባትም ልጆቻቸውን ጭምር ይዘው ለመሄድ ለሚያስቡ ሰዎች ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ጉዞ የሚያቅደው የመድረኩን መርሐ ግብር ከፊቱ ዘርግቶ ሲሆን፣ የአባት መኝታና ምግብ መጨረሻ ላይ የሚታሰብ ጉዳይ ይሆናል። እዚህ የቀረበው አሠራር ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በመጀመሪያ አባት የሚተኙበት፣ የሚቀመጡበትና የሚበሉት ነገር ይስተካከላል፤ ሙዚቃው እንደሆነ የትም አይሄድም፤ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ከድንኳኑ ደጃፍ ራሱ ይመጣል።

1. አስቀድመው ከአባትዎ ጋር ይመካከሩ

ይህ ጉዞ በድንገተኛ ስጦታ መልክ የሚቀርብ አይደለም። በአገር ቤት ላደገ ሰው ድንኳን ማለት ሠርግ ወይም ለቅሶ ነው፤ ስለዚህ ደህና ቤትና አልጋ እያለ ገንዘብ ከፍሎ ሜዳ ላይ ማደር ምን ይሉታል ብለው ቢጠይቁ አይፍረዱባቸው። የሚያድሩት ስንት ሌሊት እንደሆነ፣ መጸዳጃና መታጠቢያ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ካልተመቻቸው በማንኛውም ሰዓት ወደ ቤት መመለስ እንደሚቻል በግልጽ ይንገሯቸው። የመጨረሻው ነጥብ በቃል ብቻ የሚቀር መሆን የለበትም፤ ሁለት መኪና ይዞ መሄድ ወይም በከተማው ውስጥ ሊሰረዝ የሚችል የሆቴል ክፍል አስቀድሞ መያዝ ተስፋውን እውነተኛ ያደርገዋል።

አባትዎ «ይህ የፈረንጅ በዓል ነው» ካሉ፣ የበዓሉ አመጣጥ ሊያስደስታቸው ይችላል። በዋሽንግተን ግዛት፣ በስፖኬን ከተማ፣ ሶኖራ ስማርት ዶድ የተባለች ሴት እናቷ ከሞተች በኋላ ልጆቹን ብቻውን ያሳደገውን አባቷን ለማክበር ስትል የአባቶች ቀን እንዲከበር ጠየቀች፤ እ.ኤ.አ. ጁን 19 ቀን 1910ም በከተማዋ ተከበረ። ቀኑ በሕግ ቋሚ ብሔራዊ በዓል የሆነው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን ሲፈርሙበት ነው።

ስለ ሙዚቃውም ጥቂት ያስረዷቸው። ብሉግራስ ስሙን ያገኘው ቢል ሞንሮ የተባለው የኬንታኪ ተወላጅ ከመሠረተው «ብሉ ግራስ ቦይስ» ከተሰኘው ቡድን ሲሆን፣ ሞንሮም (ከ1911 እስከ 1996 የኖረ) እስካሁን የብሉግራስ አባት እየተባለ ይጠራል። ማንዶሊን፣ ባንጆ፣ ቫዮሊን፣ ጊታርና ኮንትራባስ (ቆመው የሚጫወቱት፣ ቫዮሊን የሚመስል ትልቅ ባለ ወፍራም ድምፅ መሣሪያ) ዋነኞቹ መሣሪያዎች ናቸው፤ በተለመደው አሠራር ከበሮ የለውም። ከጉዞው በፊት ባሉት ሳምንታት በመኪና ውስጥም ሆነ በቤት እያስደመጡ ጆሯቸውን ቢያላምዱት፣ ሜዳው ላይ ሲደርሱ ሙዚቃው ባዕድ አይሆንባቸውም።

2. ትኬቱንና የማደሪያውን ዓይነት ይወስኑ

ለአንድ ቀን ብቻ የሚያገለግለውንና ማደርን የሚያካትተውን ትኬት ሳያምታቱ ይግዙ። ዋጋውና ደንቡ ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ የዓመቱን ማስታወቂያ ከማኅበሩ ድረ ገጽ ላይ ሙሉውን ማንበብ ይገባል፤ በተለይ ስለ እሳት፣ ስለ እንስሳት፣ ስለ ጄነሬተርና ቀደም ብሎ ስለ መግባት የሚናገሩትን አንቀጾች አይዝለሉ። አባትዎ የጉልበት ወይም የወገብ ሕመም ካለባቸው ደግሞ ጎንበስ ብሎ ድንኳን ውስጥ መግባትና መውጣት ራሱ ሥቃይ ነው። እንዲህ ከሆነ መኝታ ያለው ካምፐር መኪና ተከራይቶ ወጣቶቹ ከጎኑ ድንኳን ተክለው ማደራቸው የተሻለ መፍትሔ ነው፤ የኤሌክትሪክ መስመር ያላቸው ቦታዎች ግን ውሱን በመሆናቸው አስቀድመው መያዝ ይኖርብዎታል።

3. የጉዞውን ቀንና ሰዓት ይምረጡ

ከሳክራሜንቶ እስከ ግራስ ቫሊ 95 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ80 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ እስከ ኦበርን ይሄዱና በ49 ቁጥር መንገድ ወደ ሰሜን ይታጠፋሉ። ከኦክላንድ የሚነሳ ሰው ሳክራሜንቶን አቋርጦ በዚያው መንገድ ይቀጥላል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ታሆ ሐይቅ የሚጓዘው ሕዝብ የ80 ቁጥርን መንገድ ስለሚያጨናንቀው በዚያ ሰዓት መነሣት ብልህነት አይደለም። የሚቻል ከሆነ ሐሙስ ማለዳ፣ ደንቡ ከፈቀደም ከዚያ በፊት ይግቡ፤ ጥላ ያለው ቦታ የሚደርሰው ቀድሞ ለመጣ ሰው ነውና።

4. ቦታ መርጠው ድንኳኑን ይትከሉ

ከዚህ ሁሉ ሥራ ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው። ዕቃ ከመኪና ከማውረድዎ በፊት አባትዎን በወንበር አስቀምጠው ውሃ ይስጧቸውና ግቢውን በእግርዎ ይዙሩ። የሚፈልጉት ቦታ አራት ነገሮችን ማሟላት አለበት። ከሰዓት በኋላ ጥላ ሊኖረው ይገባል፤ ጠዋት ጥላ የነበረበት ቦታ በስምንት ሰዓት እሳት ሊሆን ስለሚችል የምዕራቡን አቅጣጫ አይተው ጥላው ወዴት እንደሚዞር ያስሉ። ከመጸዳጃው ደግሞ አንድ አረጋዊ በሌሊት ያለ ድካም ደርሶ የሚመለስበት ርቀት ላይ መሆን አለበት፤ ሆኖም በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ እስከሚሰማ ድረስ መቅረብ የለበትም። መሬቱ ሜዳማ ይሁን፤ ትንሽ ተዳፋት ካለው ራስጌው ወደ ላይኛው ወገን ይደረጋል። በመጨረሻም ቀና ብለው ዛፉን ይመልከቱ፤ የደረቀ ቅርንጫፍ ያንጠለጠለ ጥድ ሥር ድንኳን አይተከልም።

ጎረቤትንም ማየት ያስፈልጋል። በክብ የተደረደሩ ብዙ ወንበሮችና የኮንትራባስ ማኅደር ካዩ፣ በዚያ ቦታ እስከ እኩለ ሌሊትና ከዚያም በኋላ መጫወት እንዳለ ይወቁ። ለወጣት ሰው ይህ በረከት ሊሆን ይችላል፤ በሦስት ሰዓት ለሚተኙ አባት ግን ከዚያ ራቅ ማለት ይሻላል። ጄነሬተር የሚያንቀሳቅስ ካምፐር አጠገብም አይስፈሩ።

ድንኳኑ ላይ ከተጻፈው የሰው ቁጥር ሁለት ይቀንሱ፤ ለስድስት ሰው ተብሎ የተሸጠው በምቾት የሚያስተኛው አራት ሰው ነው። አዲስ ከሆነ በቤትዎ ግቢ ወይም በመናፈሻ አንድ ጊዜ ተክለው ይሞክሩት። ከድንኳኑ ሥር የሚነጠፈው ሸራ ከድንኳኑ ወለል ጠበብ ያለ መሆን ይኖርበታል፤ ወደ ውጭ ከወጣ ጤዛና ዝናብ ሰብስቦ ወደ ውስጥ ያስገባል። በሜዳው ላይ የደረቀው አፈር ካስማን በቀላሉ የማይቀበል ስለሆነ ከድንኳኑ ጋር የሚመጡትን ቀጫጭን ካስማዎች በጠንካራ ብረት ተክተው መዶሻ ይያዙ። ገመዶቹ ላይ ነጭ ጨርቅ ይሰሩ፤ በጨለማ በገመድ ተጠልፎ መውደቅ ለአረጋዊ ሰው ትልቅ አደጋ ነው።

5. የአባትዎን መኝታ ያደላድሉ

በጁን አጋማሽ በግራስ ቫሊ ቀኑ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ሲችል፣ ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ቀን በሙቀቱ ተታሎ ጋቢ ሳይዝ የመጣ ሰው ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ ያድራል። የከተማዋ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 750 ሜትር ገደማ ስለሆነ ለአዲስ አበባ ሰው ከፍታው ምንም ማለት አይደለም፤ ፈተናው የቀኑና የሌሊቱ ልዩነት ነው።

አባትዎን መሬት ላይ አያስተኙ። የወንበር ያህል ከፍታ ያለው ታጣፊ አልጋ ቁጭ ብሎ ጫማ ለማድረግና ያለ ደጋፊ ለመነሣት ያስችላል። ታጣፊ አልጋ ከሥሩ ነፋስ ስለሚያስገባ ከላዩ ወፈር ያለ ስፖንጅ ወይም ብርድ ልብስ መነጠፍ አለበት። የራሳቸውን ትራስ ከቤት ያምጡላቸው፤ ይህ ቀላል የሚመስል ነገር በእንግዳ ቦታ እንቅልፍ እንዲወስዳቸው ከሁሉም በላይ ይረዳል። ስሊፒንግ ባግ እንደ ከረጢት ተዘግቶባቸው መተኛት የማይወዱ ከሆነ ዚፑን ሙሉ በሙሉ ከፍተው እንደ ብርድ ልብስ ያልብሷቸው፤ ጋቢያቸውንም ይደርቡላቸው። ከራስጌያቸው ባትሪ፣ የሚጠጣ ውሃና የጆሮ መድፈኛ ይኑር። ጫማቸውም ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ይቀመጥ።

6. ምግቡንና ቡናውን ያዘጋጁ

በኦርቶዶክሳውያን ቤተሰብ ዘንድ በቅድሚያ የሚታየው የጾም መቁጠሪያ ነው። የሰኔ ጾም ከበዓለ ጰራቅሊጦስ ማግስት ጀምሮ ስለሚጾም፣ በአብዛኛው ዓመት የአባቶች ቀን በጾሙ ውስጥ ይወድቃል፤ ፋሲካ ዘግይቶ በሚውልበት ዓመት ግን ላይወድቅ ይችላል። አባቶች ቀን ነው ተብሎ ሥጋ ጠብሶ ለሚጾም አባት ማቅረብ እንደ ማክበር አይቆጠርም።

ለእንዲህ ያለ ጉዞ ከድርቆሽ የተሻለ ስንቅ የለም። ድርቆሽ ቀላል ነው፣ አይሻግትም፣ በረዶ አይፈልግም። ቁሌቱን በቤትዎ በዘይት፣ በሽንኩርትና በበርበሬ ሠርተው በማይፈስ ዕቃ ያቀዝቅዙት፤ በበረዶ ሳጥኑ ውስጥ እስኪቀልጥ ድረስ እንደ በረዶ ያገለግላል፤ ሲቀልጥም አሙቀው ድርቆሹን ይፈረፍሩበታል። ጾም ካልሆነ ቋንጣ በዚያው ላይ ይጨመራል። ምጥን ሽሮ፣ ቀድሞ የተቀቀለ ምስር፣ ለቁርስ በሶ፣ ለመክሰስ ቆሎና ዳቦ ቆሎ በቂ ናቸው። ትኩስ እንጀራ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ብቻ ይያዙ፤ በጨርቅና በፕላስቲክ ጠቅልለው ከቀለጠው በረዶ ውሃ በላይ ያስቀምጡት። የመጠጥና የምግብ በረዶ ሳጥኖች ይለያዩ፤ ልጆች መጠጥ ፍለጋ የሚከፍቱት ሳጥን በረዶው ቶሎ ያልቃል። ውሃ ለመጠጥና ለምግብ በአንድ ሰው በቀን አራት ሊትር ገደማ ያስቡ። ቆሎው ኦቾሎኒ ካለበት ለጎረቤት ልጆች ከመዘርጋትዎ በፊት ወላጆቻቸውን ይጠይቁ፤ በአሜሪካ የኦቾሎኒ አለርጂ የተለመደ ነው።

ምግብ የሚበስለው በጋዝ ምድጃ ነው። በካሊፎርኒያ ጁን ሣሩ የሚደርቅበት ወቅት በመሆኑ እንጨትም ሆነ ከሰል ማንደድ ሊከለከል ይችላል፤ የዓመቱ ደንብ ባይከለክለው እንኳ በደረቅ የጥድ ቅጠል ላይ ፍም ማስቀመጥ አይመከርም። ምድጃው በጠረጴዛ ላይ፣ ከድንኳኑ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ብርድ ቢሆንም ዝናብ ቢዘንብም ምድጃ ወደ ድንኳን ውስጥ አይገባም፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተኛን ሰው ሳያነቃው ይገድላል።

ቡናውን ታጥቦ የደረቀ አድርገው ከቤት ይዘው በመምጣት በምድጃው ላይ በመጥበሻ ይቁሉት። የሸክላ ጀበና በጋዝ ምድጃ ፍርግርግ ላይ ስለሚንገዳገድና ነበልባሉ በአንድ ቦታ ሲያገኘው ሊሰነጠቅ ስለሚችል፣ ከሥሩ ወፈር ያለ ብረት ምጣድ ያድርጉለት ወይም የብረት ጀበና ይጠቀሙ። ዕጣኑ ያለ ፍም ስለማይሆን ይቅር። ሰዓቱን ከሰዓት በኋላ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ቢያደርጉት፣ ሙቀቱ ሲበርድና ሰው ወደየድንኳኑ ሲመለስ ይደርሳል። ከአቦሉ በፊት የግራና የቀኝ ጎረቤቶችን ይጥሩ። የተቆላ ቡና ጠረን ያላመጣውን ሰው ግብዣው ያመጣዋል፤ አባትዎም በማያውቁት ሕዝብ መካከል የተቀመጡ እንግዳ ከመሆን ይልቅ የቤት ባለቤት ይሆናሉ። በእኔ ግምት ከሁሉም የበዓሉ ዝግጅት ዋጋ ያለው ይህ ሰዓት ነው፤ የመድረኩን አንድ ቡድን ቢያሳልፍብዎትም አይሰርዙት።

7. የጤና ጉዳዮችን አይርሱ

የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ከታሰበው ቀን በላይ በሚበቃ መጠን ይያዝ። ኢንሱሊን ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋል፤ ሆኖም በረዶን በቀጥታ ከነካ ራሱ በረዶ ሊሆንና ሊበላሽ ስለሚችል በጨርቅ ተጠቅልሎ በደረቅ ዕቃ ይቀመጣል። ሽንት የሚያሸኑ ክኒኖች የሚወስዱ አባት በሙቀት ጊዜ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ከጉዞው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ። በአካባቢው ሦስት ቅጠል ያለው መርዛማ ቁጥቋጦ ስለሚበቅል ልጆች ከግቢው ዳር ወደ ጫካ እንዳይገቡ ይነገራቸው።

8. በመድረኩ ፊት ይቀመጡ፣ በጃሙ ይሳተፉ

ለመድረኩ የሚያስፈልገው የኋላ ሰው እንዳይጋርድ ዝቅ ያለ ወንበር ነው። ይሁን እንጂ ዝቅተኛ ወንበር ለጉልበት ሕመምተኛ አይሆንም፤ ለአባትዎ መደበኛ ከፍታ ያለው ወንበር ከዳር ወይም ከኋላ ረድፍ በጥላ ሥር ያስቀምጡላቸው። ቀኑን ሙሉ እዚያ እንዲቀመጡ አያስገድዱ። ጠዋት አንድ ቡድን፣ ማታ አንድ ቡድን በቂ ነው፤ መካከሉ የእንቅልፍና የወግ ጊዜ ይሁን። ዓርብ ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ ከከተማዋ ዳር ያለውን የኢምፓየር ማይን ታሪካዊ ፓርክ ማሳየትም ይቻላል፤ ይህ ከ1850 እስከ 1956 ወርቅ የወጣበት የማዕድን ጉድጓድ ሲሆን፣ የባለቤቱ ግቢና የአትክልት ቦታ ለዝግታ እርምጃ የተመቸ ነው።

የብሉግራስ ፌስቲቫል ነፍስ ያለው ግን ሰዎች በየድንኳኑ ደጃፍ ክብ ሠርተው በሚጫወቱት ጃም ውስጥ ነው። ሥርዓቱ ቀላል ነው። ዘፈኑን የመረጠው ሰው ቁልፉን፣ ማለትም በየትኛው ድምፅ እንደሚዘፈን ይናገራል፤ ከግጥሙ መካከል እያንዳንዱ ተጫዋች በተራው ዜማውን ለብቻው ይመራል፤ ተራ የማይፈልግ ሰው ራሱን በመነቅነቅ ያሳልፋል። አድማጭ ከተጫዋቾቹ ጀርባ ቆሞ ወይም ወንበሩን ይዞ መቀመጥ ይችላል። ክቡ ውስጥ ለመግባት ዘፈኑ እስኪያልቅ ጠብቆ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አባትዎ ክራር ወይም መሰንቆ የሚጫወቱ ከሆነ መሣሪያውን ቤት አይተዉት። ሜጀር የሚባለው የትዝታ ቅኝት አምስት ድምፆች ብዙዎቹ የአፓላቺያ (በምሥራቅ አሜሪካ ያለ ተራራማ አካባቢ) ነባር ዜማዎች ከሚሽከረከሩባቸው አምስት ድምፆች ጋር አንድ ናቸው። ክራሩን በጂ ቁልፍ ከቃኙት ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲና ኢ የሚባሉትን ድምፆች ይሰጣል፤ ጂ ደግሞ ባንጆ የሚወደው ቁልፍ ስለሆነ በየጃሙ ይደጋገማል። በክሊፕ የሚያያዝ መቃኛ ይግዙላቸው። መሰንቆ ተጫዋች ጣቱ የፈለገውን ድምፅ ስለሚያገኝ ከዚህም ያነሰ ችግር አለበት። ከበሮ ግን ወደ ጃም ይዞ መግባት ነውር ባይሆንም አይወደድም፤ ምቱን የሚይዙት ኮንትራባሱና የማንዶሊኑ ቁርጥ ቁርጥ የሚል ድምፅ ናቸውና። ከበሮው በራስዎ ድንኳን፣ ከቡናው በኋላ ይመታ።

9. የበዓሉን ሰዓት ይምረጡ

አባትዎ የእሑድ ቅዳሴ የማያመልጣቸው ሰው ከሆኑ በዓሉን ቅዳሜ ማታ ማክበርና እሑድ ሌሊት ተነሥቶ ወደ ከተማ መመለስ ይገባል፤ ስለ ሙዚቃ ሲባል ከቤተ ክርስቲያን እንዲቀሩ መለመን የራሳቸውን ቀን መንጠቅ ነው። በድንኳኑ የሚቆዩ ከሆነ ግን እሑድ ማለዳ፣ ሜዳው ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ ቁርስ ከቡና ጋር አቅርበው ልጆቹ የአያታቸውን ጉልበት እንዲስሙና ምርቃታቸውን እንዲቀበሉ ያድርጉ። ስጦታው እዚያው የሚጠቅም ቢሆን ይመረጣል፦ ሰፊ ባርኔጣ፣ ጥሩ ወንበር፣ ወይም ለክራሩ አዲስ ክር። በወጣትነታቸው የትኛውን ዘፋኝ ይወዱ እንደነበር ልጆቹ ይጠይቋቸው፤ ፈቃዳቸው ከሆነም በስልክ ይቀዳ። ንግግሩን አያርዝሙ፤ አብዛኞቹ አባቶቻችን በአደባባይ ሲመሰገኑ ይጨነቃሉ።

10. ነቅለው ይመለሱ

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚወጣ መውጫው ይጨናነቃል። ወይ ከምሳ በፊት ይውጡ፣ ወይም የመጨረሻው ቡድን ካበቃ በኋላ ቆይተው ይነሡ። አባትዎ በጥላ ተቀምጠው ሳለ በመጀመሪያ መኝታው፣ ከዚያ ድንኳኑ፣ በመጨረሻ ወንበራቸውና ውሃቸው ይጫን። ካስማዎቹን ቆጥረው ያስገቡ፤ መሬት ውስጥ የቀረ ብረት የሚቀጥለውን ሰው እግር ይወጋል። ያገለገሉ የጋዝ ቆርቆሮዎች ከተራ ቆሻሻ ጋር አይጣሉም፤ ወደ አደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ይወሰዳሉ። ድንኳኑ በጤዛ እርጥብ ሆኖ ከተጠቀለለ በቀናት ውስጥ ስለሚሻግት፣ ቤት እንደደረሱ በበረንዳ ወይም በጋራዥ ዘርግተው ሙሉ በሙሉ ካደረቁት በኋላ ወደ ከረጢቱ ይመልሱት።